ሳይቃጠል በቅጠል፤ የደብረ ታቦር ሰውና እሳት በታሪክ

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው የተረቱት ቃሉ ስለ ገጠመላቸው ብቻ አይደለም። በደጋ አገር፣ በበጋ ወራት፣ የሣር እሳት ሲነሣ ገና ከጉልበት ሳያልፍ እርጥብ ቅርንጫፍ ቈርጦ እየመቱ ማጥፋት ይቻላል። ጥቂት ከቈየ ግን ቅጠሉም፣ ቅጠሉን የያዘውም ሰው ወደ እሳቱ አይቀርቡም። ስለዚህ ይህ ተረት ምክር ከመሆኑ በፊት የእጅ ሥራ ነበር። ዛሬ ሁላችን ለምክሩ እንጠቅሰዋለን እንጂ ቅጠሉን የሚቈርጠው ማን እንደ ሆነ አንጠይቅም።

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ላይ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት እንድንጽፍ ይጠበቅ ይሆናል። ነገሥታቱንም አልረሳናቸውም፤ በስፍራቸው እናነሣቸዋለን። ነገር ግን ከታሪክ መጻሕፍት ይልቅ በየመንደራችን የምንሰማውን አንድ ጥያቄ መርጠናል። ይኸውም፦ በአገራችን እሳት በተነሣ ጊዜ ያጠፋ የነበረው ማን ነው? ወደ ፊትስ የሚያጠፋው ማን ይሆናል? የሚል ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የጉና ተራራም ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከጉና የሚወርደውን ብርድ የሚያውቅ ሰው ለደገኛ እሳት ምን እንደ ሆነ አይጠፋውም። ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን እናቶች ማታ ፍሙን በዐመድ አዳፍነው ያሳድሩት፣ ጧት ገልጠው እፍ ብለው ያነድዱት ነበር። እሳቷ የጠፋባት ሴት ደግሞ ገል ወይም ኩበት ይዛ «እሳት ልጫር» ብላ ወደ ጎረቤቷ ትሄዳለች። እሳት የሚከለክል ጎረቤት ከክፉ ሰው ይቈጠር ነበር። በዓላችንም ቢሆን ያለ እሳት አይደምቅም። ከተማችን ስሟን የምትጋራው የደብረ ታቦር በዓል፣ ማለት ቡሄ፣ ነሐሴ 13 ቀን ሲከበር ችቦ ይበራል፤ በመስቀልም ደመራ ይነድዳል።

ይኸው ወዳጃችን ግን ጠላት ለመሆን ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። የቀድሞው ቤት ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነበር። ሣሩ ዝናብ ካቆመ በኋላ ወር በወር እየደረቀ ይሄድና በየካቲትና በመጋቢት ነፋስ ሲነሣ አንዲት ፍንጣሪ ብቻ ይበቃዋል። ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ እንደ ሆነ እሳቱ ከአንዱ ጣራ ወደ ሌላው ይዘልላል። በደንብ ሳይበርድ የተደፋ ዐመድ፣ ከጭድ ክምር አጠገብ የተረሳ ፍም፣ በልጅ እጅ የተገለበጠ ኩራዝ፣ እነዚህ ሁሉ ስንቱን ቤት እንዳጠፉ ከአያቶቻችን ያልሰማ ልጅ የለም።

አሁን ወደ ነገሥታቱ እንመለስ። ደብረ ታቦርን ከተማ አድርገው የቈረቈሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ኋላም የራስ አሊ መቀመጫ ሆነች። ከዚያ በኋላ ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በአጠገቧ በጋፋት አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩ አደረጉ። ከሥራቸውም ታላቁ ሴባስቶፖል የተባለው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ነው። ብረቱን ያቀለጠው እሳት ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን እሳትን ለጥበብ የገዙ ሰዎች ነበሩ ብለን የምንኰራው በዚህ ነው።

ነገር ግን ታሪክን የሚጽፍ ሰው የሚያኰራውን ብቻ መርጦ ማንሣት አይገባውም። ጐንደር በ1859 ዓ.ም. ተዘርፋ ስትቃጠል ብዙዎቹ አድባራቷ ከነቅርሳቸው ጠፉ። በ1860 ዓ.ም. መባቻም ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሄዱ። ሴባስቶፖልን በብዙ ሰው ጉልበት እያስጐተቱ ተራራውንና ሸለቆውን ሲያልፉ ከኋላቸው የቀረው ዐመድ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች ጐንደርን እንደ ገና አቃጠሉ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የዚህ አገር ሰው ይህን ሁሉ አይቷል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ንጉሥ ወይም ጦር ሠራዊት የለኰሰውን እሳት ጎረቤት በቅጠል አያጠፋውም። ሆኖም ደብረ ታቦር በዐመድነቷ አልቀረችም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ከተቀመጡባቸው ከተሞች አንዷ እርስዋ ነበረች፤ በ1872 ዓ.ም. የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ የመጣውን ጄኔራል ጎርዶንን የተቀበሉት በዚሁ አገር ነው። ንጉሥ አቃጠለ፣ ንጉሥ ተቀመጠ ተብሎ በታሪክ ተጽፏል። በመካከሉ እንጨት ቈርጦ፣ ጭቃ ረግጦ፣ ሣር አጭዶ ቤቱን እንደ ገና ያቆመው ግን ሕዝቡ ነው። የእርሱም ስም አልተጻፈም።

ታዲያ ይህ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ከእሳት ጋር የሚታገልበት የራሱ ሥርዐት ነበረው። የመጀመሪያው ኡኡታ ነው። እሳት ያየ ሰው፣ ሴትም ብትሆን ልጅ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ የያዘውን ሥራ ጥሎ ይሮጣል፤ ማንም ማንን አያዝዝም፣ ደመወዝም የለም። ሴቶች በእንስራ ውኃ ያመላልሳሉ። ወንዶች እርጥብ ቅጠልና አፈር ይዘው ይመታሉ፤ ጋቢያቸውን በውኃ ነክረው ፍንጣሪውን ያፍናሉ። ጐበዙ ደግሞ ገና ወዳልተያያዘው ጎረቤት ቤት ጣራ ወጥቶ ሣሩን ይገፍፋል። ባለቤቱ «ቤቴን አፈረሳችሁብኝ» ብሎ አይከስስም፤ ምክንያቱም ክዳን ቢገፈፍ በሳምንት ይተካል፣ ቤቱ ቢነድድ ግን ዓመት ይፈጃል።

ሁለተኛው ሥርዐት ከእሳቱ በኋላ የሚመጣው ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሜዳ ላይ አያድርም። ጎረቤት ያስጠጋዋል፤ ኋላም ደቦ ወጥቶ አንዱ ማገር፣ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ ሣር አምጥቶ ቤቱን ያቆምለታል። ሦስተኛው ሥርዐት ደግሞ ፍርድ ነው። እሳቱ በተንኰል የተለኰሰ መስሎ በታየ ጊዜ በቀድሞው ዘመን አውጫጭኝ ይባል በነበረው ጉባኤ፣ በሌላውም አገር አፈርሳታ በሚባለው፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በደለኛው እስኪታወቅ ድረስ ይመረመር ነበር። ይህ ሥርዐት ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ያጕላላ ስለ ነበር ዛሬ ይመለስ አንልም። የሚያስተምረን ግን የአንድ ሰው ቤት መቃጠል የሁሉ ጕዳይ እንደ ነበረ ነው።

ይህ ሐሳብ ዛሬም ሕግ ሆኖ ይኖራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ሰው ለሕይወቱ በሚያሠጋ አደጋ ውስጥ ወድቆ እያየ፣ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ ሊረዳው ሲችል ዝም ብሎ ያለፈውን ይቀጣል። አባቶቻችን ያለ ወረቀት ያውቁት የነበረው ይህን ነው።

የሌሎች አገሮችን ታሪክ ስንመረምር ደግሞ ሥልጡን የምንላቸው ሕዝቦችም የተነሡት ከዚሁ እንደ ሆነ እናገኛለን። በሮም ከተማ ንጉሠ ነገሥቱ አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ6 ዓ.ም. ሌሊት እየዞሩ እሳት የሚጠብቁ ባለ ባልዲ ጓዶች አቋቋመ። ይህ የመንግሥት ሥራ ነበር። በአሜሪካ ግን ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1735 ዓ.ም. በጋዜጣው ላይ የጻፈው ምክር የእኛን እናቶች የሚያውቅ ያስመስለዋል፤ ፍም በአካፋ ክምር አድርጋችሁ ከክፍል ወደ ክፍል አታመላልሱ፣ ጥቂት ጥንቃቄ ከብዙ ፈውስ ይበልጣል የሚል ነበርና። በዓመቱም፣ እ.ኤ.አ. በ1736 ዓ.ም.፣ በፊላደልፊያ የፈቃደኞች የእሳት አጥፊ ማኅበር ከጓደኞቹ ጋር አቋቋመ። እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲና ከሚነድድ ቤት ዕቃ ማውጫ ከረጢት በቤቱ ማዘጋጀት ነበረበት። በቺሊ አገርም እ.ኤ.አ. በ1851 ዓ.ም. በቫልፓራይሶ ከተማ የተጀመረው የፈቃደኞች ጓድ እስከ ዛሬ አልቀረም፤ የአገሪቱ እሳት አጥፊዎች አሁንም ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ።

አስተውሉ። የፍራንክሊን ጎረቤቶች ከእኛ ጎረቤቶች በልብ አይበልጡም ነበር። የሚበልጡት በአንድ ነገር ነው። እኛ ኡኡታው ከተሰማ በኋላ እንሰበሰባለን፤ እነርሱ ኡኡታው ሳይሰማ ተሰብስበው፣ ባልዲውን ገዝተው፣ ማን ምን እንደሚሠራ ተስማምተው ጠበቁት።

በአገራችንም ፈቃደኝነት በማኅበር ሲደራጅ ምን እንደሚሠራ ታይቷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. በወረራው ዋዜማ ተቋቁሞ ዛሬም በፈቃደኞች ጕልበት ይሠራል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ከመቶ ሺህ ሄክታር የሚበልጥ ደን በነደደ ጊዜ ገበሬዎች፣ ወታደሮችና ተማሪዎች ዘምተው ከውጭ አገር ከመጡ ባለሙያዎች ጋር ተዋግተውታል፤ በመጨረሻም ዝናቡ ረዳቸው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የስሜን ተራራዎች ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ሰው ገደል እየወጣና እየወረደ በቅጠልና በአፈር ታገለ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች መጥተው አግዘዋል። እነርሱ እስኪደርሱ ድረስ ግን እሳቱን ፊት ለፊት የገጠመው ገበሬው ነበር።

ከተማም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይደለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሣ የእሳት አደጋ መኪናዎች ነበሩ፤ የመንገዱ ጥበትና የሱቆቹ መጠጋጋት ግን ሥራውን እጅግ አከበደው። ከዚህ የምንማረው መኪና አያስፈልግም ማለት አይደለም። መኪናው እስኪደርስ ድረስ ያሉት ደቂቃዎች የጎረቤት ናቸው፤ መንገዱንም ክፍት አድርጎ የሚጠብቀው ጎረቤት ነው ማለት ነው።

በደቡብ ጐንደር ደግሞ ከጥፋት በፊት የመጠበቅን ጥቅም በዓይን የምናይበት ሌላ ነገር አለ። በአገራችን ደጋ የቀድሞው ደን አብዛኛው አልቆ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ብቻ ቀርቷል። በዞናችን እንደነዚህ ያሉት አጸዶች ከአንድ ሺህ ይበልጣሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንተው ለዓለም አስታውቀዋል። ካህናቱና ምእመናኑ በአንዳንድ ቦታ ከማሳቸው ድንጋይ እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ ካብ ክበዋል። ካቡ የተካበው ከብት እንዳይገባ ነው፤ ይሁን እንጂ ድንጋይ አይነድምና ከማሳ የሚነሣውን የሣር እሳትም ያዘገያል። ገበሬው ማሳው ከድንጋይ ጸዳለት፣ ደኑም ተጠበቀለት። ማንም ሳይጮኽ የተሠራ ሥራ ነው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነው ከሰማነውና ካነበብነው ነው። ቀጥሎ የምንነግራችሁ ግን ያየነውን ነው። ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር፣ አንድ ሌሊት፣ ከምንኖርበት ሰፈር ከአንድ ማድ ቤት እሳት ተነሣ። ኡኡታውን ሰምተን ስንደርስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደርሶ ነበር። ልብ አልጐደለም። የጐደለው ሌላ ነበር። ቧንቧው በዚያች ሌሊት ውኃ አልነበረውም፤ ጀሪካን ይዞ የመጣው ሁሉ ባዶ ጀሪካን ይዞ ቆመ። መሰላል ጠፋ። ሃያ ሰው «ውኃ!» እያለ ይጮኻል፤ ሃያ ሰው ደግሞ «መብራቱን ከቈጣሪው አጥፉ!» ይላል፤ ቈጣሪው ወዳለበት የሄደ ግን አልነበረም። እኛ ተማሪዎች፣ በጕልበት ከሁሉ የምንሻለው፣ ወንበርና ሣጥን ስናወጣ ቈየን። በኋላ አንድ ሽማግሌ ጮኸው «ልጆቼ፣ ዕቃውን ተዉት፣ አጥሩን አፍርሱ!» ባሉን ጊዜ ነቅተን አጥሩንና የጎረቤቱን ማድ ቤት ጣራ አፈረስን። እሳቱ በዚያ ቆመ፤ አራት ቤቶች ተረፉ። ጠላ ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት የእማማ ቤት ግን እስኪነጋ ዐመድ ሆነ።

ሰው አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰፈሩም እንደ ልማዱ ደቦ ወጥቶ ቤታቸውን ሠራላቸው። ጣራው በቆርቆሮ ሲመታ እማማ ወደ እኛ ዞረው፣ «ልጆቼ፣ ብድራችሁን ይክፈላችሁ፤ ግን ያን ቀን ሣጥኑን ከምታወጡልኝ ቈጣሪውን ብታጠፉልኝ ኖሮ» አሉን። የተናገሩት በቍጣ አልነበረም፤ እኛ ግን አንገታችንን ደፋን። አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን፣ ኤሌክትሪክ ምን እንደ ሆነ በፈተና ላይ ጽፈን፣ በዚያች ሌሊት ግን ምን መጀመር እንዳለብን አላወቅንም።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ከክፍላችን የተባበርን ልጆች አንድ ትንሽ የፈቃደኞች ጓድ አቋቁመናል። ያለን ዕቃ ባልዲ፣ አካፋ፣ ሁለት መሰላል፣ ጣራ የምንስብበት ጫፉ የተቈለመመ ብረት ያለበት ረጅም እንጨት፣ በአሮጌ በርሜል የተቀመጠ አሸዋና ፊሽካ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰልፍ ቆመን ባልዲ መቀባበልን እንለማመዳለን። በየሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ ዐይነ ስውራንና በሽተኞች የት እንዳሉ ዐውቀናል፤ ሌሊት ማን የማንን በር እንደሚያንኳኳ ተከፋፍለናል። እስከ ዛሬ የተጠራነው አንድ ጊዜ ነው። የጭድ ክምር ተያይዞ ነበር፤ የተያያዘውን ማዳን አልቻልንም፣ አጠገቡ ያሉትን ሁለት ግን በአፈርና በእርጥብ ቅጠል አትርፈናል። ትልቅ ድል ነው አንልም። ለበሬዎቹ ባለቤት ግን ትንሽ አይደለም።

የተማርነውንም ለወላጆቻችን እንናገራለን። ዐመድ ፈጽሞ ሳይበርድ አይደፋ። የሚነድድ ዘይት ላይ ውኃ ማፍሰስ እሳቱን ይበትነዋል፤ በክዳን ማፈን ይሻላል። ኤሌክትሪክ ያለበትን እሳት ቈጣሪው ሳይጠፋ በውኃ መንካት ሰው ይገድላል። በጢስ ውስጥ የሚሄድ ሰው ጐንበስ ይበል። ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ያለ ነበልባል ይገድላል። የተቃጠለ ገላ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ሃያ ደቂቃ ያህል ይታጠብ እንጂ ቅቤ አይቀባ።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ የተማሪ ሥራ ትምህርት ነው» ይሉናል። እውነት አላቸው፤ መኪናውን፣ ቧንቧውንና የሠለጠነውን ባለሙያ ማዘጋጀት የመንግሥት ነው፤ ይህንም መጠየቅ ይገባል። ነገር ግን ራስ ጉግሣ ከተማዋን ከቈረቈሩበት ዘመን ጀምሮ ስንት መንግሥት መጥቶ ስንቱ ሄደ። ኡኡታ ሲሰማ የሮጠው ግን ሁልጊዜ ያው ጎረቤት ነው። ጎረቤት እንዲሮጥ ማስተማር አያስፈልገንም፤ ያን ከአያቶቻችን ወርሰነዋል። የሚያስፈልገን ከመሮጡ በፊት እንዲዘጋጅ ነው።

እኛ በዚህ ዓመት መጨረሻ ፈተናችንን ፈጽመን እንለያያለን። አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ወደ ሥራ፣ አንዱም ወደ አባቱ እርሻ ይሄዳል። ባልዲዎቹን ግን ይዘናቸው አንሄድም። ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ የሌሊት ጥሪው ዝርዝርም ከአጠገባቸው ተለጥፏል። ከስማችን ጐን ባዶ መስመር ትተናል። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ መስከረም ሲጠባ ያን መስመር እንድትሞሉት አደራ እንላችኋለን። ያለፈው ትውልድ ቤቱን ከዐመድ ላይ ያቆመ ነበር። የእናንተ ደግሞ ዐመድ ሳይሆን ይድረስ፤ ሳይቃጠል በቅጠል።